ቀን ያጣ ዓሣ

ጎጃም የተወለደ ሰው ሁሉ ጣና ውስጥ ሲንቦጫረቅ ያደገ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እኔ የተወለድኩት ደብረ ማርቆስ ነው። ልጅ ሆኜ ያየሁት ትልቁ ውኃ የእናቴ የጠላ ጋን ነበር፤ እሱም ቢሆን ሲሞላ አያስጠጉኝም። ዓሣ በአፌ ዞሮ አያውቅም። የማውቀው በወንጌል ነው፤ አምስቱ እንጀራና ሁለቱ ዓሣ ሲነበብ እንኳ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ልቤ የሚሄደው ወደ እንጀራው ነበር።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ሐረር በመምህርነት ተመድቦ፣ ሚስት ማግኘትና ማጣቱ በአንድ ዓሣ ላይ የተንጠለጠለው። ስቃችሁ ስትጨርሱ ንገሩኝና ልቀጥል።

የተከራየኋት ክፍል ከጀጎል ግንብ ውጪ፣ በባሻ ወልዴ ግቢ ውስጥ ነበረች። ባሻ፣ አያታቸው ከሸዋ መጥተው ሐረር የቀሩ፣ እሳቸውም እዚያው ተወልደው ፍርድ ቤት ሲጽፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዘመኑ የ"ጓድ" ዘመን ነው፤ ቀበሌ "ጓድ ወልዴ" ብሎ ሲጠራቸው ግን ጆሯቸው አይሰማም። "ባሻ" ከተባሉ ከአጥር ማዶም ይሰማሉ። ሚስታቸው እትዬ ዘነበች፣ ልጃቸው ሰላማዊት ይባላሉ። ስለ ሰላማዊት ባጭሩ ነው የምነግራችሁ፤ ብዙ ካወራሁ የዓሣው ነገር ይቀራል። መሥሪያ ቤት ታይፕ ትመታለች፤ ስትስቅ የማስበው ሁሉ ይጠፋብኛል። እኔና እሷ ተስማምተን ጨርሰናል፤ የቀሩት ባሻ ብቻ ናቸው።

ባሻን "እሺ" ማሰኘት ግን የዋዛ አልነበረም። ሰውዬው ክፋት የላቸውም፣ ያላቸው ወሬ ነው። ሽማግሌ ላክሁ፤ የሒሳብ መምህሩንና ሁለት ጡረተኞችን። ሽማግሌዎቹ ገና "የመጣነው" ብለው ሲጀምሩ፣ ባሻ "መምጣትስ አያቴ መጡ!" ብለው አያታቸው ከሸዋ ሐረር የመጡበትን መንገድ አንድ በአንድ ይተርኩ ጀመር። አያትየው አዋሽን ሳይሻገሩ መሸ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ሄዱ። በሳምንቱ ተመልሰው ሲመጡ ባሻ ካቆሙበት ቀጠሉ። የሒሳብ መምህሩማ ታሪኩ ጥሞት የእኔን ጉዳይ እርግፍ አድርጎ ትቶ ብቻውን ይመላለስ ጀመር። ሰላማዊት ትስቃለች፣ እኔ እከሳለሁ።

በዚህ መሀል ባሻን ደረታቸውን ወጋቸው። ሆስፒታል ይዘናቸው ሄድን። ዶክተሩ መርምሮ መርምሮ "ልብዎ ደክሟል፤ ቅቤ ይብቃዎት፣ ጥሬ ሥጋም ይብቃዎት። ዓሣ ይብሉ" አላቸው።

"ምን አጥፍቼ?" አሉ ባሻ።

ዶክተሩ የዓሣን ሕግ ዘረዘረ። ያዳመጥኩት እኔ ነኝ፤ ባሻ ወደ ጎን ዞረው ለአጠገባቸው በሽተኛ ስለ ጣልያን ጊዜ ያወሩ ነበር። ዓሣው ዓይኑ የጠራ፣ የስንጥቡ ክዳን ሲገለጥ ውስጡ ቀይ የሆነ ይሁን። ሆድ ዕቃው ወዲያው ይውጣ። ፀሐይ አይምታው፣ ውሎም አይደር። እስከ አጥንቱ ድረስ ይብሰል። በመጨረሻ ዶክተሩ ባሻን አየት አደረገና "ዋናው ደግሞ፣ ዓሣ አፍ ውስጥ እያለ አይወራም! እሾህ አለው። ጉሮሮ ላይ ከተሰነቀረ ተመልሰው የሚመጡት እኔው ዘንድ ነው" አለ። ይህቺን እትዬ ዘነበች ሰሟትና ፈገግ አሉ። ምን እንዳስፈገጋቸው ያን ጊዜ አልገባኝም።

ቤት እንደ ደረስን ክርክሩ ተነሣ።

"ለመሆኑ ዓሣ የሚበላው መቼ ነው?" አሉ ባሻ።

"ረቡዕና ዓርብ ቢሆንስ?" አልኩ።

"በጾም? ደም ያለውን ነገር? የነፍስ አባቴ ቢሰሙ ምን ይላሉ!"

"እንግዲያው በፍስክ ቀን ይብሉታ።"

"በፍስክ? ሥጋ እያለ? አንተ ልጅ፣ እግዜር የፈቀደልኝን ቀን በዓሣ ላበላሸው?"

ነገሩ ይኼው ነው። ዓሣ በጾም ቀን ሥጋ ይሆናል፣ በፍስክ ቀን ደግሞ ሥጋ አይደለም ይባላል። ከሰኞ እስከ እሑድ ብንፈልግ ለዓሣ የሚሆን ቀን ጠፋ። ባሻ አንድ መውጫ ብቻ ሰጡን፤ "ጥሬውን፣ በሚጥሚጣ ከሆነ እሞክረዋለሁ" አሉ። ዶክተሩ ጥሬውን መከልከሉን፣ ትል እንደሚያመጣ ነገርኳቸው። "ትል ያለበትን ነገር ነው እንዴ ልታበሉኝ ደፋ ቀና የምትሉት?" ብለው ነገሩን ዘጉት።

ማታ እትዬ ዘነበች ወደ ጓዳ ጠሩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል።

"ልጄ፣ ይኼ ሰው ሊሞትብኝ ነው። አንተ የጣና ልጅ ነህ፤ ዓሣ ታውቃለህ።"

"እትዬ፣ ደብረ ማርቆስ እኮ ከጣና..."

"ትሕትናህን ተወው። ዓሣውን አስበላልኝ፤ የልጄን ነገር በእኔ ጣለው።"

በበሩ ስንጥቅ ሰላማዊት ታየኛለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የጣና ልጅ ሆንኩ።

"ግን በሕይወቱ አምጣው" አሉ እትዬ ዘነበች። "አለማያ ላይ የሚያጠምዱት እስላሞች አይደሉ? እዚህ አምጣውና በክርስቲያን እጅ ይታረድ።"

"ኧረ ዓሣ አይታረድም እትዬ! ከውኃ ሲወጣ ይሞታል።"

"ማንም ሳይባርከው?"

"ማንም።"

"ምስኪን!" ብለው ከልባቸው አዘኑለት። ትንሽ ቆይተው ደግሞ "ብልቱስ እንደ ዶሮ አሥራ ሁለት ነው?" አሉኝ። የጣና ልጅ ምን ይበል? "እንደ ዓሣው ነው" ብዬ ወጣሁ።

የመጀመሪያውን ሙከራ ባልነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አለማያ ሐይቅ ወረድኩ፤ ዓይኑ የሚያበራ፣ ቆሮሶ የሚሉትን ወፍራም ዓሣ ገዛሁ። የደብተር ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ፈረስ መጋላ አደባባይ ስወርድ የቀበሌ ጠባቂዎች መንገዱን ዘግተው ሰውን ሁሉ ወደ ስብሰባ ይነዳሉ። "ኧረ እኔ ዓሣ ይዣለሁ!" አልኩ። "ዓሣህም ይንቃ" አለኝ አንዱ ጠባቂና አስገባኝ።

አዳራሹ በቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ሊቀ መንበሩ አንድ ነጥብ ብለው ጀመሩ። ሁለተኛው ነጥብ ላይ ሲደርሱ ቦርሳዬ መናገር ጀመረ። በስተቀኜ የነበረው ሰውዬ በስተግራዬ ያለውን ገላመጠው። በስተግራዬ ያለው ጫማውን አየ። ሊቀ መንበሩ ክንዳቸውን ዘርግተው "አድኃሪያን በመካከላችን ተሸሽገው ተቀምጠዋል! ጓዶች፣ ነቅታችሁ ለዩዋቸው!" ሲሉ፣ አዳራሹ በሙሉ አፍንጫውን ይዞ ወደ እኔ ዞረ። ላብ በላብ ሆንኩ። በዚያ ላይ ሁለት ድመቶች መጥተው እግሬ ሥር ተቀመጡ።

ቤት ስደርስ የዓሣው ዓይን ነጭ ሆኗል፣ ሥጋውን ስነካው ጣቴ እንደ ገባ ይቀራል። ልቤ ግን "በበርበሬ ቢዋጥ ማን ያውቃል?" አለኝ። የሰው ልብ ሚስት ሲፈልግ እንዲህ ነው! ሰላማዊት "አቦ ተወው! አባቴን ልትገድል ነው?" ብላ ከእጄ ነጠቀችኝና ከግንቡ ሥር ወርውራ መጣች። የሐረር ጅብ የማይበላው ነገር የለም ይባላል። ጠዋት ሄጄ ሳየው እንዳለ አለ።

ከዚህ በኋላ ነገሩን እንደ መምህር አሰብኩበት። ፀሐይ ሳይመታው፣ ሳይውል ከአለማያ ሐረር የሚደርስ ነገር ምንድን ነው? ጫት! አወዳይ ላይ የተቆረጠ ጫት ጠውልጎ ከደረሰ የሚገዛው የለም። ስለዚህ እርጥብ የሙዝ ቅጠል ያለብሱታል፤ መኪናውን የሚነዳውም ሰው ሳይሆን ነፋስ ነው። ቅዳሜ ቆሮሶዬን ገዝቼ፣ እዚያው ሐይቁ ዳር ቅርፊቱንና ሆድ ዕቃውን አስወጥቼ፣ አጥቤ፣ አወዳይ ድረስ በሩጫ መጣሁና የጫት መኪና ለመንኩ።

"አቦ መምህር፣ ምን ታስባለህ!" አለኝ ሾፌሩ። ዓሣዬን በእርጥብ ቅጠል ጥቅልል አድርጎ ከጫቱ መሀል ሸጎጠው። እኔን ደግሞ ከዓሣው በላይ ሸጎጠኝ። ስለ መንገዱ አትጠይቁኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ዳዊት ስደግም ነበር። ሐረር ስንገባ ሾፌሩ ጥቅሉን አቀበለኝ፣ እኔም ወደ ቤት በረርኩ።

ባሻ የሉም። የዓሣውን መምጣት ሰምተው ቀድመው ሸሽተዋል። የሄዱበትን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሁልጊዜ ኤረር በር አጠገብ ወዳለው ወደ አው ኡመር ቤት ይሄዳሉ። "አው" ሐረሮች ለትልቅ ሰው የሚሰጡት ማዕረግ ነው። አው ኡመር ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው፤ ከባሻ ጋር ከልጅነታቸው ጀምሮ አይለያዩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከወዳጆቻቸው ጋር ይቅማሉ። ባሻ ጫት በአፋቸው አይገባም፤ የሚሄዱት ለወሬው ነው። ጫት የያዘ ሰው ቁጭ ብሎ ይሰማል፣ ቶሎ አይነሣም። ለባሻ ከዚህ የበለጠ ገነት የለም።

"ይሁን፣ እኛ ሠርተን እንጠብቃቸው" አሉ እትዬ ዘነበችና ቅጠሉን ፈቱት። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

"በስመ አብ! ወልድ! መንፈስ ቅዱስ! ጫት ነው እንዴ ለባሻ ያመጣህላቸው?"

አየሁ። ጫት ነው! እንዲያውም ደህና ጫት፣ ጫፉ ቀላ ቀላ ያለ። ሰላማዊት ግድግዳውን ተደግፋ በሳቅ ተንፈራፈረች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ያኔ ነው ሾፌሩ መንገድ ላይ ያለው ትዝ ያለኝ፤ "አንዷ ጥቅል የአው ኡመር ናት" ብሎኝ ነበር።

"ተነሡ!" አሉ እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን እያጣፉ። "ዓሣው እዚያ፣ ባሻም እዚያ! እግዜር ራሱ አገናኝቷቸዋል።"

ጫቱን ብብቴ ሥር አድርጌ በፈረስ መጋላ ሳልፍ ተማሪዎቼ በሙሉ የዚያን ቀን ፈረስ መጋላ ለመዋል የተማማሉ ይመስል ተሰልፈው ቆመዋል። "መምህር፣ መልካም በርጫ!" ይለኛል አንዱ። ሰላም ልለው እጄን ባነሣ ጥቅሉ ሊወድቅ ሆነ። ሰኞ ዕለት ክፍል ስገባ ምን እንደጠበቀኝ ለእናንተ እተወዋለሁ።

አው ኡመር ቤት ስንደርስ ለቅሶ ቤት የገባን መሰለን። ነደባው ላይ፣ ያ ምንጣፍ የለበሰው ከፍ ያለው መደብ ላይ፣ የአው ኡመር ወዳጆች ጉንጫቸው ባዶ ሆኖ እያዛጉ ተቀምጠዋል። መሀል ላይ ትልቅ ትሪ አለ፤ ትሪው ላይ የእኔ ቆሮሶ ተጠብሶ፣ ቃሪያና ሎሚ ተደርጎበት፣ በዳቦ ተከቦ ተጋድሟል። ባሻ ከትሪው በተቻለ መጠን ርቀው፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል።

የአው ኡመር ባለቤት አይ ፋጡማ ("አይ" ደግሞ የሴቷ ማዕረግ ነው) ፊታቸው በርቷል። "ስንት ዓመት ሙሉ ይኼ ሰው ጫት እንዲተው ዱዓ ሳደርግ!" አሉ እትዬ ዘነበችን አቅፈው እየሳሙ። "ዛሬ ቅጠሉን ብፈታው ዓሣ! አልሐምዱሊላህ፣ ተሰማልኝ ብዬ እስኪደርቅ ጠበስኩለት።" በዚህ ጊዜ ከብብቴ ሥር ጫቱን አወጣሁ። የአይ ፋጡማ ፊት ጠፋ፣ የወዳጆቹ ፊት በራ። "አላህ ይስጥህ መምህር!" ብለው ጥቅሉን ተቀብለውኝ ወደ ጥጋቸው ተሰበሰቡ። ትሪው ዘንድ አው ኡመርና ባሻ ብቻ ቀሩ።

"ባሻ፣ ጠጋ በልና ብላ" አሉ አው ኡመር።

"ኡመር፣ ይኼ ነገር እኮ ቀን የለውም። በጾም ብትል ደም አለው፣ በፍስክ ብትል..."

"ቀኑን ተወው። የምጠይቅህን መልስልኝ። ልጄን ስድር በሬ ጣልኩ፤ በላህ?"

"የእስላም ሥጋ እንዴት አድርጌ..."

"አንተስ ሰላማዊትን ክርስትና ስታስነሣ በግ አረድክ፤ በላሁ?"

"አልበላህም" አሉ ባሻ ቀዝቀዝ ብለው።

"ወላሂ ባሻ፣ አርጅተን ልንሞት ነው! ዕድሜያችንን ሙሉ በዓል በመጣ ቁጥር ሥጋ የተገባበዝነው በዓይን ነው። አንተ እኔ ቤት ዳቦና ሙዝ፣ እኔ አንተ ቤት ቆሎ። እስቲ ንገረኝ፣ ይኼን ዓሣ ማን አረደው?"

ባሻ ወደ እኔ ዞሩ።

"የጣና ልጅ፣ ማን አረደው?"

"ማንም ባሻ። ከውኃ ሲወጣ በራሱ ጊዜ ነው የሞተው።"

"ስለዚህ የእስላም ሥጋ አይደለም።"

"የክርስቲያንም አይደለም" አሉ አው ኡመር።

ባሻ ዝም አሉ። እኔ ግቢያቸው ከገባሁ ጀምሮ እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም፤ እንዲያውም ልባቸው ቆመ ብዬ ደነገጥኩ። ቀስ ብለው ተንፏቅቀው ትሪው ዘንድ መጡ። አው ኡመር ከዓሣው ጀርባ ወፈር ያለውን ቆረሱ፤ በጣታቸው ጫፍ እየዳሰሱ እሾሁን አንድ በአንድ ነቀሉት፣ በዳቦ ጠቀለሉትና "ቢስሚላህ" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ባሻ አማተቡና አፋቸውን ከፈቱ።

ያቺ ጉርሻ ስትገባ ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። የባሻ ዓይን እንባ ሞላ። ማውራት ስለማይችሉ በጣታቸው ቃሪያውን አመለከቱን፤ እሱ ነው ያስለቀሰኝ ማለታቸው ነው። አው ኡመርም ቃሪያ ሳይቀምሱ አለቀሱ።

እትዬ ዘነበች በዚህች ሰዓት ነው ብድግ ያሉት።

"ባሻ፣ እንዳይናገሩ! ዶክተሩ ያሉትን ያስታውሱ፤ እሾህ አለው! እኔ ልናገር። ይኼ መምህር ሰላማዊትን ይፈልጋታል፣ እሷም ትፈልገዋለች። ሽማግሌ በልቶ ጠጥቶ ደከመ። የሚቃወሙ ከሆነ አሁኑኑ ይናገሩ።"

የሆስፒታሏ ፈገግታ ያን ጊዜ ገባችኝ። የባሻ ዓይን ፈጠጠ። አንድ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ፣ መንጋጋቸውን አፋጠኑ። ሊውጡ ምንም አልቀራቸው! ሰላማዊት እጄን ጨበጠችኝ።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል!" አሉ አው ኡመርና ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አስበልጠው አጎረሷቸው።

"ተናገሩ?" አሉ እትዬ ዘነበች።

"አልተናገረም። ዝምታ እሺታ ነው፤ እኔ ምስክር!" አሉ አው ኡመር። ከጥጉም "እኛም!" የሚል ድምፅ መጣ። አይ ፋጡማ የጫቱን ሐዘን ረስተው እልልታውን አቀለጡት፤ እትዬ ዘነበች ተቀበሏቸው። ጎረቤት ምን ተገኘ እያለ በሩን ሞላው።

ባሻ በመጨረሻ ዋጡ። ውኃ ጠጡ፤ ጢማቸውን ጠረጉ። እንግዲህ አያታቸው አዋሽን ሊሻገሩ ነው አልኩ በልቤ። ባሻ ግን ምንም ሳይሉ ከዓሣው ትልቁን ቆረሱ፣ እሾሁን እየዳሰሱ ነቃቀሉ፣ በዳቦ ጠቀለሉና ወደ እኔ አዩ።

"ና ወዲህ፣ አማቼ።"

ተንበረከክሁና አፌን ከፈትኩ። የባሻ ጉርሻ ቡጢ ታህላለች። እንግዲህ ዓሣ በአፌ የገባው ያን ጊዜ ነው። ባሻ ሲዳስሱ ያመለጠቻቸው አንዲት ቀጭን እሾህ ምላሴ ላይ ተጋድማለች፤ መተንፈስ እንኳ ፈራሁ።

ባሻ ተነሥተው ቆሙ፣ በሩ ላይ ላለው ሕዝብ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ስሙኝማ! አማቼ የጣና ልጅ ነው። እኔ በሕይወት እስካለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ በጫት መኪና አለማያ እየሄደ፣ ለእኔና ለኡመር ዓሣ ያመጣል። ይቃወም እንደሆን አሁኑኑ ይናገር!"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እሾኋ ወደ ጉሮሮዬ አንድ ጋት ቀርቷታል። ሰላማዊት አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች።

ዝም አልኩ።